ለምንም የማይሆን ሐረግ

ቆሰበር፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

እትዬ አምሳለ፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታው ይቅደምልኝ። ሁለት ደብዳቤ ጽፈሽ አንድም መልስ ሳልሰጥሽ መክረሜን ሳስበው አፍራለሁ። ሰበቤ ክረምቱ ነው። የቆሰበርን ክረምት አታውቂውም፤ ግንቦት ሳያልቅ ይገባና መስከረም ጠብቶም አልወጣም ይላል። ጉሙ ደጃፋችን ላይ ተገትሮ ይውላል። ደብዳቤ የምልክባቸው የጭነት መኪኖች ጭቃ ይዟቸው ሲሰነብቱ፣ እኔም «ነገ፣ ነገ» ስል ሰነበትሁ። ለመሆኑ አንቺስ እንደምን ነሽ? የጉልበትሽ ሕመም ለቀቀሽ? እኔና አዝመራው ደኅና ነን። እሱ የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ ይነጫነጫል፤ እኔ እሱን እያየሁ እስቃለሁ።

አጥብቀሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸውልሽ፦ አዎ፣ ሐረጉ በሕይወት አለ። ከምትሠሪላት ከማዳምሽ ቤት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝ ቁራጭ ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ጠውልጎ ስለ ነበር፣ አዝመራው «ይኸን ሣር ጣይና እጅሽን አሳርፊ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልሁ። ቤት እንደ ገባሁ በጠርሙስ ውኃ አቆምሁት፤ ነጫጭ ሥር ሲያወጣ የዘይት ጣሳ ቂጡን በምስማር በስቼ ተከልሁት። አሁን ቤታችን ባለው በአንዱ የመስታወት መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ እነዚያን እንደ መዳፍ የተከፋፈሉ ቅጠሎቹን እያወጣ ነው። የቆሰበር ብርድ ለኔ ባይስማማኝም ለሱ ተስማምቶታል። አዝመራው ግን እስካሁን አልታረቀውም። «አይበላ፣ አይሸት፣ አያብብ! ከአስተማሪ ደመወዝ በቀር እንዲህ ለምንም የማይሆን ነገር አላየሁም» ይላል።

ሰው ለመድሽ ወይ ብለሽኛል። አንድ ሰው ለምጃለሁ፤ ከአጥር ማዶ ያለችውን ደጊቱን። አገውኛ ስለማላውቅ፣ ገበያ ላይ ሴቶቹ በቋንቋቸው ሲሳሳቁ በኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር። ዞር እያለች በአማርኛ የምታስረዳኝ እሷ ናት። በመጣሁ ሰሞን እርጥብ እንጨት አልነድ ብሎኝ ሳለቅስ አገኘችኝና ከምድጃዋ ፍም በገል ይዛልኝ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ እሳት የምጭረው ከሷ ቤት ነው። ልጆቿን ተራ በተራ ቀብራ የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ሸጋ ትባላለች። የወተት ጥርሷ ገና አልወለቀም። እየመጣች መዳፏን ቅጠሉ ላይ ዘርግታ ትለካለች።

ባለፈው እሑድ ደጊቱ ሐረጉን ጎንበስ ብላ ስታየው ቆየችና «ለምን በሽታ ነው?» አለችኝ።

«ለምንም አይሆንም። እንዲያው ሳየው ደስ ስለሚለኝ ነው» አልኋት።

ወደ በሩ ዘወር ብላ አየች፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «ልክ ነሽ። እኔም አልጠየቅሁሽም፤ አንችም አልነገርሽኝም።»

እሷ ከሄደች በኋላ ለአዝመራው ነግሬው አብረን ሳቅን። እትዬ፣ ቅጠሎቹ ከታች ከታች ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ፤ ምን ይሻለዋል? ለፍልሰታስ ትመጫለሽ?

እህትሽ ወርቅአየሁ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ወርቄ፣

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ። ሰበብሽን ግን አልተቀበልሁም፤ አዲስ አበባም ይዘንባል፣ እኔም እጽፋለሁ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው፤ እሱን ተዪው።

ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው ውኃ ስለምታበዢበት ነው። አውቅሻለሁ፤ ውኃ በጠጣሽ ቁጥር «እሱም ይጠማዋል» ብለሽ ታጠጪዋለሽ። ሐረግ እንግዳ አይደለም፤ በሞቴ ጠጣ አይባልም። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጪው፣ እርጥብ ከሆነ እለፊው። ከምድጃው አርቂው። ሙቀትና ጢስ ከበዛበት ቅጠሉ ሥር ለዓይን የማይሞላ ቀይ ተባይ ያፈራል፤ ያን ጊዜ በሳሙና ውኃ አንድ በአንድ ስትጠርጊ መዋልሽ ነው። ጫፍ ጫፉን ቀንጥቢው፤ ሲቀነጠብ ጎን ለጎን ያወጣል፣ አለዚያ ቀጥኖ ይሮጣል። ማዳም ይኸን ሁሉ ያስተማረችኝ እየጮኸችብኝ ነው፤ እኔም አሁን አንቺ ላይ እየጮኽሁ ነው።

አንድ ነገር አትርሺ። ቅጠሉ አፍ ውስጥ አይገባም። የማዳም ውሻ አኝኮት ሲያስመልሰው ዋለ። እኔንም ስቀነጥበው እጄን ያሳክከኛል። ያቺ ሕፃን መለካቱን ትለካ፤ ወደ አፏ እንዳታደርሰው ግን ጠብቂ።

የጎረቤትሽ ነገር እኔን አላሳቀኝም። በግልጽ ንገሪያት። ልጆቿን የቀበረች ሴት ስለ መድኃኒት ስትጠይቅ ለጨዋታ አይደለም።

ስለ ፍልሰታው አሁን አትጠይቂኝ።

አምሳለ


ቆሰበር፣ መስከረም ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

እትዬ፣

እንኳን ለዘመን መለወጫና ለመስቀል በሰላም አደረሰሽ። ፍልሰታ አለፈ፤ አልመጣሽም፤ ምክንያቱንም አልነገርሽኝም። አትጠይቂኝ ስላልሽኝ አልጠየቅሁሽም፤ እንዲህ ታዛዥ እንደ ሆንሁ እወቂልኝ።

ሐረጉ ምን ያህል አደገ ላልሽው፦ ቤቱን ሊወርሰን ነው። ምክርሽ ሠርቷል። መስኮቱን ዞሮ ወደ ጣራው ወጥቷል፤ በነዚያ በጥቃቅን እግሮቹ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ጋዜጣ ቆንጥጦ ይይዛል። አዝመራው እንኳ ማንም የማያየው መስሎት ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ሲያብስ ያዝሁት።

በግልጽ ነገርሻት ወይ ብለሽኛል። እትዬ፣ በግልጽ መናገር እዚህ የሚያዋጣ መሰለሽ! የሰማሁትን ልንገርሽ። በዚህ አገር መድኃኒት ዐዋቂ የሆነ ሰው «አዎ፣ ዐውቃለሁ» አይልም። ካመነ፣ ስሙን ከጠራው ወይም እጅ በእጅ ከሰጠው መድኃኒቱ ይረክሳል። ስለዚህ ዐዋቂው ይክዳል፤ ፈላጊው ይለምናል፤ ዐዋቂው ደግሞ ይክዳል። እንግዲህ የማይበላና የማይሸት ቅጠል በጣሳ አስቀምጣ የምታጠጣ፣ ተባይ እንዳይነካውም በሳሙና የምታጥብ ሴት ምን ልትሆን ትችላለች? እኔ «ለምንም አይሆንም» ባልሁ ቁጥር ዐዋቂነቴ ይጨምራል። አጥብቄ ስክድ «ይችስ ጠንካራ ናት» ይሉኛል።

በራፌ ላይ እንቁላል አግኝቻለሁ። ማር በቅል አግኝቻለሁ። አንዷ ከአዘና ድረስ በፈረስ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰችና ሄደች፤ ምን እንደሚያማት እንኳ አልነገረችኝም። አዝመራው ሰንበቴው መካከል ተነሥቶ «ሚስቴ መድኃኒት አታውቅም፤ ቅጠሉ የቤት ጌጥ ነው» ቢላቸው፣ «ምስኪን፣ ከሱም ደብቃዋለች» ብለው አዘኑለት። መጀመሪያ ሳቅን። አሁን አዝመራው አይስቅም፤ እኔም እንቁላሉን ስመልስ የሴቶቹን ዓይን ማየት አቅቶኛል።

ደጊቱ ብቻ ምንም አምጥታ አታውቅም። ጓደኛዬ ናትና ልመናዋን ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ይመስለኛል። አሁን የለችም። ባሏ ቢሻው ለእህል ፈረስ ተከራይቶ ቆላ ጫግኒ ሲወርድ ሸጋን አዝላ ተከትላዋለች፤ እህቷ እዚያ አለቻት። ያለ እሷ ግቢው ጭር ብሎብኛል።

አንድ ነገር አሰብሁ። ለሚለምኑኝ ሴቶች ቁራጭ ቁራጩን ብሰጣቸውና በየቤታቸው ቢተክሉት፣ ከንቱ መሆኑን አይተው አይተዉኝም?

ወርቅአየሁ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ወርቄ፣

ሁለቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ረጅሙም፣ ከሱ በኋላ በእርሳስ የጻፍሻት ቁራጭ ወረቀትም። ሰላምታውን ለሌላ ቀን ትቼ መልሱን ልስጥሽ።

ቁራጭ ልስጣቸው ወይ ላልሽው፦ እንዳትሰጪ። የሰጠሽው ሁሉ የሚገባው ጣሳ ውስጥ ሳይሆን ድስት ውስጥ ነው።

ሸጋን ምን አገኛት ላልሽው፦ ከጫግኒ የተመለሰን ሰው አንድ ቀን አንቀጥቅጦ አንድ ቀን የሚተው ትኩሳት ወባ ነው። የማዳም ሹፌር ከቆላ ሲመለስ እንዲሁ ሆኖ በኪኒን ድኗል፤ ዛሬ መኪና ይነዳል። ዳንግላ ክሊኒክ እንዳለ አንቺው ነግረሽኛል። ልጅቱን አሁኑኑ ይውሰዷት። ወባ ለትልቅም አይመለስ፣ እንኳን ለሕፃን።

ከእንግዲህ ስለ ሐረጉ አትጻፊልኝ። «ሄደች» ብለሽ ጻፊልኝ።

አምሳለ


ቆሰበር፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

እትዬ፣

«ሄደች» ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። አዝመራው ወደ ዳንግላ የሚወርድ የጭነት መኪና ለመነ፤ ሹፌሩም ደግ ሰው ነበርና ደጊቱን ከነልጇ ከፊት አስቀመጣት። ሸጋን በጋቢ ጠቅልዬ ያሳፈርኋት እኔ ራሴ ነኝ። እኔም ወደ ቤት ገብቼ ደስ ብሎኝ ስሠራ ዋልሁ። ከሰዓት በኋላ ደጊቱ ልጇን አዝላ በጉሙ ውስጥ በእግሯ ስትመጣ አየኋት። ድልድዩ ሲደርሱ «አውርዱኝ» ብላ ወርዳለች።

ለምን እንደ ሆነ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። መድኃኒት የሚጠብቅ በሽተኛ ወንዝ መሻገር የለበትም ይላሉ፤ ከተሻገረ ከዚህ ያለው መድኃኒት ለሱ ይሰበርበታል። ደጊቱ የምትጠብቀው እኔን ነው። ኪኒን ፍለጋ ተሻግራ የኔን ቅጠል ማጣት ፈራች። «የዳንግላው ክሊኒክ ድሬሰር ልጄን አያውቃትም፤ አንች ግን ታውቂያታለሽ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትመጣለች። አትጮኽም፣ አትወቅሰኝም። ሸጋን አቅፋ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። በትኩሳቱ ቀን የልጅቷ ጥርስ ይንገጫገጫል፤ በሚተዋት ቀን ደግሞ ሰውነቷ ዝሎ እናቷ ደረት ላይ ትንጋለላለች። በማርያም ማልሁላት። በእናታችን አጥንት ማልሁላት። «ማይ፤ እንድትምይ ግድ ነው» ብላ ጉልበቴን ሳመችው። ቢሻውን ለብቻው ጠርቼ «አንተ ውሰዳት እንጂ» ብለው፣ «የሴቶች ነገር ነው፤ ከሷ ጋር ጨርሱት» አለኝ። ቄስ ገብረ ማርያምን ለመንኋቸው፤ መጥተው ተቆጧት። እሳቸው ሲወጡ «ቄስ ፊት እንደማታምኚ ይገባኛል» አለችኝ።

እትዬ፣ የምናገረው አለቀብኝ። አንድ ቃል በተናገርሁ ቁጥር ልጅቷን ከዳንግላ የማርቃት እኔ ነኝ፤ ዝም ስልም ያው ነው። ሐረጉ ባይኖር ግን ደጊቱ ተስፋ ቆርጣ ወንዙን የምትሻገር ይመስለኛል። ልንቀለው? ያንቺ ስጦታ ስለ ሆነ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ያሰብሁት ሁሉ እየተገለበጠ ስላስፈራኝ ነው። ቶሎ መልሺልኝ።

ወርቅአየሁ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ወርቄ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፤ ማዳም ትጣራለች፤ ትጣራ።

አትንቀዪው። ስሚኝ። እውነቱ እምቢ ካለ ውሸቱ ይሥራ። ዐዋቂ ነሽ ካሉሽ ዐዋቂ ሁኚ። ደጊቱን ጥሪያት፤ ፊትሽን ኮስተር አድርጊ፤ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አጣፊው። አንድ ቅጠል በጨርቅ ቋጥረሽ ልጅቱ አንገት ላይ እሰሪ። እንዲህ በያት፦ «የኔ መድኃኒት አይጠጣም፣ አይታኘክም። የሌላው ወንዝ ሲሻገር ይሰበራል፤ የኔው ግን ወንዝ ካልተሻገረ አይነሣም። ዳንግላ ወርዳ ነጩን ኪኒን ስትውጥ ያን ጊዜ ይሠራል።» ታምንሻለች። እስካሁን ያላመነችሽ እውነቱን ስለ ነገርሻት ነው። ቄሱ ይቆጡኛል ካልሽ ንስሐውን እኔ እገባልሻለሁ፤ ኃጢአቱም በኔ ይሁን።

ይኸን ደብዳቤ ወደ ባሕር ዳር ለሚወጣ ሹፌር በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ቆሰበር ላይ ቆሞ የአስተማሪውን ቤት ጠይቆ እንዲያደርስልኝ አስምዬዋለሁ። ሲደርስሽ አንብበሽ እንዳትቀመጪ፤ አንብበሽ ሂጂ።

አምሳለ


ቆሰበር፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

እትዬ፣

ሹፌርሽ ታማኝ ሰው ነው። ቤቴን ጠይቆ ደብዳቤውን በእጄ ሰጠኝ። ቆሜ አነበብሁት፤ ከዚያ ተቀመጥሁ።

ቀደም ብዬ ነቅዬዋለሁ። መልስሽን መጠበቅ አቃተኝ፤ ሸጋ ያን ሰሞን ዓይኗን መግለጥ ትታ ነበር። ሰው ሁሉ ይየኝ ብዬ በጠራራ ፀሐይ ከጣሳው መዘዝሁት። ከግድግዳው ስስበው ጋዜጣውን ይዞ ተገነጠለ። ደጅ የተቀመጡት ሴቶች እያዩኝ ተሸክሜው ወጣሁና ጓሮ ዐመዱ ላይ ወረወርሁት። «በቃ፣ የለም! መድኃኒት የለም! ልጅሽን ውሰጃት!» ብዬ ጮኽሁ። ደጊቱ በአጥሩ በኩል ቆማ ነበር። ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ። በመጨረሻ ገባት ብዬ ደስ አለኝና አዝመራውን ፈረስ ፈልግ ብዬ ላክሁት። ፈረሱን ይዞ ሲመለስ ደጊቱን ልጠራት በጓሮ በኩል ወጣሁ። ዐመዱ ላይ አንድ ቅጠል አልነበረም።

እጅ በእጅ አይሰጥም ብዬ ጽፌልሽ ነበር። እኔው ጽፌልሽ፣ እኔው ረሳሁት።

እሳቱ ላይ ደረስሽበት ወይ ትያለሽ። ሮጬ ደጊቱ ቤት ገባሁ። ድስቱ ወርዶ ነበር።

ስለ ሸጋ አሁን አልጽፍልሽም። ይቅር በዪኝ።

ወርቅአየሁ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ወርቄ፣

ያልጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ነፍሷን ይማር። ለሁሉ ነገር መላ አላት የምትዪኝ እህትሽ የማጽናኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ንዳዱ ነው ወይስ ቅጠሉ? ደጊቱስ ምን አለችሽ? ክፉ ቃል ተናግራሽ እንደ ሆነ አትደብቂኝ። ያን ቁራጭ ቆርጬ የሰጠሁሽ እኔ ነኝና የሚመጣብሽ ሁሉ ለኔም ይድረሰኝ።

አምሳለ


ቆሰበር፣ ጥር ፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

እትዬ፣

የቁራጩን ነገር ተዪው። አንቺ ስጦታ ሰጠሽኝ እንጂ ሌላ ምንም አላደረግሽም።

ንዳዱ ነው ወይስ ቅጠሉ ላልሽው፦ አላውቅም። ከመጠጣቷ በፊትም ሰው አትለይም ነበር ይላሉ፤ ከጠጣች በኋላ ሲያስመልሳት ዋለ ይላሉ። የሚፈርድ ሐኪም እዚህ የለም። ቀበርናት። አዝመራው ፈረሱን ለባለቤቱ መለሰ።

ደጊቱ ክፉ ተናገረችሽ ወይ ብለሽኛል። ምነው በተናገረችኝ! ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ብቻዋን መጣች። ራሷን ተላጭታለች፤ ፊቷ ተነጭቶ ቆስሏል። እንደ ለመደችው መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ ባዶ እጇን ግን ምን እንደምታደርገው አጣች።

«እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። «እጅ በእጅ እንደማይሰጥ ዐውቃለሁ። በሰው ፊት እየተቆጣሽ ጥለሽ ሰጠሽኝ። ይኸን ውለታሽን አልረሳውም።»

«ደጊቱ፣ መድኃኒት አልነበረም።»

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች፣ እንዳልሰማችኝ ሁሉ። «ቀኑ ማክሰኞ ነበር። መድኃኒት የሚቀቀለው ረቡዕ ነው፤ መጠበቅ ነበረብኝ። ልጄ ስታቃስት አላስችል አለኝና ማክሰኞ ቀቀልሁት። እጄ የገባውን መድኃኒት አረከስሁት። በገዛ እጄ ገደልኋት፣ ወርቅአየሁ! ሌሎቹንስ እግዜር ወሰዳቸው፤ ይችን የገደልሁ እኔ ነኝ!»

ደረቷን ትመታ ጀመር። እጇን ብይዘው ፈልቅቃ አስለቀቀችኝ።

«ቅጠሉ መድኃኒት አይደለም፤ ማክሰኞም ረቡዕም አንድ ነው» አልኋት። ደግሜ አልኋት። እያለቀስሁ ለሦስተኛ ጊዜ አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አሁንም? ልጄን ከቀበርሁ በኋላም ትደብቂኛለሽ?» አለችና ደረቷን ትደቃ ገባች። ቢሻው እንደነገረኝ ከቀብሩ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ በየጎረቤቱም «ገዳይዋ እኔ ነኝ» እያለች ስትዞር ሰንብታለች። በዚያ ሁኔታ ብዙ የምትቆይ አልመሰለኝም።

«ቀኑ አይደለም» አልኋት። «ሲነቀል የሚደገም ጸሎት ነበረው፤ እሱን አላደረስሁም። ተቆጥቼ ነበር፤ እየጮኽሁ ነቀልሁት። አንቺ ዘንድ ሳይደርስ በኔ እጅ ረክሶ ነበር። ረቡዕ ብትቀቅይውም አያድናትም ነበር። ያንቺ እጅ ንጹሕ ነው።»

መምታቷን አቆመች። ፊቴን ስታየው ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች፤ ደኅና ዋይም አላለችኝ። በማግስቱ ከአጥሩ ላይ የምንተላለፍባትን ቀዳዳ ቢሻው በእሾህ ዘጋው። ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትለውጣለች። ሴቶቹም በራፌ ላይ የሚያስቀምጡት ነገር ቀርቷል፤ ልጆቻቸውን በደጃችን አያሳልፉም። አዝመራው «ምን ነካሽ? እዚህ እስካለን ድረስ ገዳይ ስትባዪ መኖርሽ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። ወደ ሌላ አገር እንዲያዛውሩት ማመልከቻ ጽፏል። ደጊቱ ግን እህል መቅመስ ጀምራለች አሉ። ደረቷንም አትመታም።

ካወቅኋት ጀምሮ እውነቱን ስነግራት ኖርሁ፤ አንድ ቀን አላመነችኝም። ያን ዕለት ግን ሳታንገራግር አመነችኝ።

እህትሽ ወርቅአየሁ